መንገደኛው ይደር፦ የምዕራብ ሐረርጌ የወሰን ከተሞች ማኒፌስቶ

ከአዋሽ ተነስቶ አሰቦትን፣ ሚኤሶን፣ ጭሮንና ሂርናን አቋርጦ ወደ ቁልቢ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚያደርሰው መንገድ ለትውልዶች መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ነጋዴው ያልፍበታል፤ ተሳላሚው ያልፍበታል፤ የሐረርን ግንብ ሊያይ ከባሕር ማዶ የመጣው ጎብኚም ያልፍበታል። ጭሮ ላይ ምሳ ይበላል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጉዞው ይቀጥላል። እኛ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የተወለድን፣ በጨርጨር ተራሮች ያደግን፣ ገሚሱ አሰበ ተፈሪ ገሚሱ ጭሮ በሚላት ከተማና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች አዲስ ዘመን እናውጃለን። መንገደኛው በምዕራብ ሐረርጌ ያድራል። የሚያድርበት ቤት የአገሬው ቤት ይሆናል፤ የሚመራው ሰው የአገሬው ልጅ ይሆናል፤ የሚከፍለው ገንዘብ ዋሻውን በሚጠብቀው፣ ደኑን በሚያለማው፣ ቡናውን በሚለቅመው ሰው እጅ ይገባል።

ያለፈው አሠራር ዘመኑን ጨርሷል። ያ አሠራር የመላ ኢትዮጵያን ቱሪዝም በአንድ የሰሜን መስመር ላይ ጫነ፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር ብቻቸውን እንዲሸከሙት አደረገ። ምሥራቁን በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ አጠረው፤ በመሃል ያለውን ደጋና ቆላ ከመኪና መስኮት የሚታይ ገጽታ አድርጎ ተወው። በወሰን ላይ ያለችውን ወረዳ በጸጥታ ሪፖርት ብቻ አወቃት። ጎብኚን በአውሮፕላን ማረፊያና በትልቅ ሆቴል ቆጠረ፤ ሌሊቱን ተጉዞ በዓል የሚያነግሠውን ኢትዮጵያዊ ግን ከጎብኚ አልቆጠረውም። ከዚህ አሠራር ጋር ክርክር የለንም። ውጤቱን በየከተሞቻችን አይተነዋል፤ የቀረው መተካቱ ነው።

ወረቀት አልጎደለንም። የኢትዮጵያ የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት ተቋቁሟል። በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» የአገሪቱ የቱሪዝም መለያ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ይፋ የሆነው አገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ ቱሪዝምን ከግብርና፣ ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከማዕድንና ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ጋር ከአምስቱ ቀዳሚ ዘርፎች አንዱ አድርጎታል። በ2014 ዓ.ም. ዘርፉ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አግኝቷል። ወንጪ፣ ጎርጎራና ኮይሻ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሲገነቡ አይተናል፤ መንግሥት ቁርጥ ውሳኔ ሲወስን መንገድ እንደሚወጣ፣ ድንጋይ እንደሚጠረብ አውቀናል። ፖሊሲው የአካባቢው ኅብረተሰብ ተሳታፊም ተጠቃሚም ይሁን ይላል። እኛ የምንጠይቀው ይኸው ቃል ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሥጋ እንዲለብስ ነው። ፖሊሲ ሥጋ የሚለብሰው በቀበሌ ነው፤ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከናወን በስምና በቀን ሲጻፍ።

ወሰን የሰዎች መገናኛ ነው ብለን እናምናለን። ምዕራብ ሐረርጌ በሰሜን ከአፋርና ከሶማሌ ክልሎች ትዋሰናለች፤ በደቡብ ቁልቁል ወርዳ ዋቢ ሸበሌ ላይ ትቆማለች፤ ከወንዙ ማዶ ባሌ አለ። የደጋው ማሽላ፣ ቡናና ጫት፣ የቆላው ግመል፣ ፍየልና ወተት በሚኤሶ ገበያ ይገናኛሉ። ኢቱው፣ ኢሳው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ አርጎባው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይሰማል፤ ብዙው ሰው በሁለትና በሦስት ቋንቋ ይገበያያል። ሆኖም ሚኤሶ የሚለውን ስም ሁለት ክልሎች ይጠሩበታል፤ በኦሮሚያ በኩል ሚኤሶ ወረዳ አለ፣ በሶማሌ በኩል ሚኤሶ ሙሉ ወረዳ አለ። በ1997 ዓ.ም. ከ420 በላይ ቀበሌዎች የወሰን ሕዝበ ውሳኔ ሰጥተዋል። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን የተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ሀዊ ጉዲናና ዳሮ ለቡ ደም አይተዋል። ይህን ሳይናገር ስለ ጉብኝት የሚናገር ማኒፌስቶ ሐሰተኛ ነው። የሞተውን እናዝንለታለን፤ የተፈናቀለው ቤቱ እንዲመለስ እንጠይቃለን፤ ከዚያም በዚያው መሬት ላይ ለሁለቱም ወገን እንጀራ የሚሆን ሥራ እናቆማለን። ሰላም የሚጸናው ሁለቱም ወገን በሰላሙ ቀን የሚያተርፈው፣ በግጭቱ ቀን የሚያጣው አንድ የጋራ ነገር ሲኖረው ነው። ይህን የጋራ ነገር በስሙ እንጠራዋለን፦ እንግዳ።

ለዚህም ሥራ መሠረቱ በእጃችን አለ። በበደሳ አቅራቢያ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ በጥላው ሥር ተሰብስበው ሕግ ያወጡበት የገዳ ማዕከል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሠፍሯል። ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ ወደ ሲቲ ዞን ሜዳ ሲወረድ የኢሳ ማኅበረሰብ ሔር ኢሴ የሚለው የቃል ሕጉ አለ፤ እርሱም ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው መዝገብ ገብቷል። ሁለት ዓለም ያወቃቸው የአገር በቀል ሕጎች ጎረቤት ሆነው የሚኖሩበት ሥፍራ በምድር ላይ ስንት አለ? ሁለቱም ሕጎች ደም እንዴት እንደሚደርቅ፣ ውሃና ግጦሽ እንዴት እንደሚከፈል፣ እንግዳ እንዴት እንደሚከበር ይደነግጋሉ። የሕግ ተማሪ፣ የሰላም ተመራማሪ፣ የታሪክ ወዳጅ ከየትም አገር ተነስቶ መጥቶ የሚማርባቸው ናቸው። የገዳ አባቶችና የሔር ኢሴ ሽማግሌዎች በአንድ መድረክ ተቀምጠው ሕጋቸውን በየራሳቸው ቋንቋ የሚያስረዱበት ዓመታዊ ጉባኤ በሚኤሶ ይቆማል። ይህ የመጀመሪያው ሥራችን ነው። ግንባታ አያስፈልገውም፤ ሁለት ክልሎች አንድ ቀን ላይ መስማማታቸው ይበቃዋል።

ወሰን ተሻጋሪ ቱሪዝም በሌላው ዓለም ተሞክሮ ሠርቷል። ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና የከላጋዲን በረሃ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ፓርክ አድርገው ከፍተዋል፤ ጎብኚው በገባበት በር እስከወጣ ድረስ ፓስፖርት ሳያስመታ በሁለቱም አገር ምድር ይንቀሳቀሳል። ሩዋንዳ ከፓርኮቿ ገቢ 5 በመቶውን ለአጎራባች ነዋሪዎች ማካፈል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በ2017 ወደ 10 በመቶ አሳድጋዋለች። ሁለት ሉዓላዊ አገሮች በበረሃ መካከል የተስማሙበትን ነገር የአንድ አገር ሁለት ክልሎች መስማማት አያቅታቸውም። ስለዚህ እንጠይቃለን፤ በኦሮሚያ የተሰጠ የአስጎብኚ ፈቃድ በሶማሌና በአፋር ይሥራ፤ በሶማሌና በአፋር የተሰጠውም ጭሮ ላይ ይሥራ። ለእንግዳው አንድ ትኬት ይቆረጥ፤ ገቢው በታወቀ ድርሻ በወሰኑ ግራና ቀኝ ላሉ ቀበሌዎች ይከፈል። ድርሻው በጓዳ አይወሰን፤ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በየሩብ ዓመቱ ይለጠፍ።

ምድራችን ማኅደር ናት ብለን እናምናለን። በዳሮ ለቡ፣ በመቻራ ዙሪያ ከኖራ ድንጋይ ሥር ውሃ የፈለፈላቸው ዋሻዎች አሉ፤ አቻሬና አይናጌ፣ ሩኪሳ፣ በሮ። ጣሪያቸው የኖራ ድንጋይ አንጠልጥሏል፤ ወለላቸው የኖራ ድንጋይ አብቅሏል። ከጣሪያ የሚወርደው እያንዳንዱ ጠብታ ጥቂት ኖራ ትቶ ያልፋል፤ ያ ጥቂት በጥቂት እየተደራረበ ዓምድ ይሆናል። ዝናብ በበዛበት ዘመን የተጨመረው ቀለበት አንድ ዓይነት ነው፤ በድርቅ ዘመን የተጨመረው ሌላ። ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ሊቅ አስፋወሰን አስራትና የውጭ አገር የሥራ ባልደረቦቻቸው እነዚህን ዓምዶች አጥንተው የምሥራቅ ኢትዮጵያን የጥንት ዝናብ ታሪክ አንብበውባቸዋል፤ ጥናቶቹም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታትመዋል። የገበሬው አያት «ያን ዓመት ዝናብ ቀረ» ብሎ የሚያወራው ታሪክ እዚያ ከመሬት በታች በድንጋይ ተጽፎ ተቀምጧል። ለምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ዝናብን ሲጠብቅ ለሚኖር ሕዝብ፣ ከዚህ የበለጠ ቤተ መጻሕፍት የለም።

ስለዚህ ለዋሻዎቹ ሕግ እናወጣለን። ዓምድ አይሰበር፤ አንድ ሰው ለመታሰቢያ ቆርጦ የሚወስደው ቁራጭ ብዙ ዘመን የበቀለ ነው፤ ቁራጩ ሲሄድ የዚያ ዘመን ዝናብ ታሪክ አብሮ ይሄዳል። በግድግዳው ላይ ስም አይጻፍ። ቋሚ መብራት አይተከል፤ የመብራቱ ሙቀትና ብርሃን በድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያበቅላል፣ መልኩንም ያጠፋዋል። ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው ቁጥር ይወሰን፤ ትንፋሻችን ብቻውን የዋሻውን አየር ይለውጣል። የሌሊት ወፎች በሚዋለዱበት ወቅት የሚያድሩበት ክፍል ይዘጋ። እንግዳ ያለ ሠለጠነ አስጎብኚ አይግባ፤ አስጎብኚውም የመቻራ ልጅ ይሁን፤ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም ስለ ጠብታው የሚያስረዳ። ብዙ አገሮች ዋሻቸውን ለቱሪስት ከፍተው ካበላሹ በኋላ ነው የተማሩት። እኛ ሳናበላሽ እንጀምራለን፤ ዘግይተን የመምጣታችን ብቸኛ ጥቅም ይህ ነው፣ እንጠቀምበታለን።

ከተራሮቻችን ግርጌ ወደ አዋሽ በሚዘረጋው ጠርዝ፣ በቾሮራ፣ የኢትዮጵያና የጃፓን ተመራማሪዎች የጥንት ዝንጀሮ መሰል ፍጡር ጥርሶች አግኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓለም ያስተዋወቁት ሲሆን ዕድሜው ስምንት ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ በኋላ ተረጋግጧል። ሳይንስ ስሙን ቾሮራፒቴከስ ብሎታል። የሰው ዘርና የጎሪላ ዘር መቼ ተለያዩ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የዚህ ሥፍራ ስም ይጠራል። «ምድረ ቀደምት» የሚለው መለያ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም፤ ቾሮራ በራሷ መንገድ ዳር ማስታወቂያ ሰሌዳ ይገባታል።

የጠፋውን መመለስ ይቻላል ብለን እናምናለን። በ1982 ዓ.ም. ገደማ በጭሮ አቅራቢያ የኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ተከልሎ ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የለም፤ ለሳይንስ የታወቀው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ከዚያ በኋላ መጠለያው በእርሻና በእንጨት ቆረጣ ተጎዳ፤ ደኑ ሳሳ፣ አጋዘኑም ተሸሸገ። ገበሬውን ጥፋተኛ አናደርገውም። ከአጋዘኑ አንድ ሳንቲም ያልደረሰው ሰው ለአጋዘኑ መሬቱን እንዲተው መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን በራሱ ሕግ እየዘጋና እየከፈተ ጠብቋል፤ ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ለዚያው ሕዝብ ይከፍላል። በምዕራብ አርሲ ያለችውን ሌጲስን በደኗና በእንስሳቷ እ.ኤ.አ. በ2023 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰልፏታል፤ ወንጪ በ2021፣ ጮቄ በ2022 ቀድመዋታል። ኩኒ በዚህ ተርታ ትቆማለች። ለዚህም የምንፈልገው የተከለለ ወሰን፣ በደመወዝ የተቀጠረ የአካባቢ ጠባቂ፣ በአገር በቀል ዛፍ የሚለማ ኮረብታ፣ ለከብት መኖ ሌላ መፍትሔ ነው። አሥር ዓመት ይፈጅ ይሆናል፤ ደን ሲተከል የሚቸኩል ሰው ቢቀር ይሻላል።

የመጀመሪያው እንግዳችን ኢትዮጵያዊ ነው ብለን እናምናለን። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ሕዝብ መንገዳችንን ይሞላዋል፤ በአውቶቡስ፣ በቤት መኪና፣ በእግር። በአሰቦት ተራራ ላይ አቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ የመሠረቱት ገዳም አለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደኑ በእሳት ሲቃጠል የመላ አገሩ ልብ አብሮ ተቃጥሏል። ከዋቢ ሸበሌ ማዶ ድሬ ሼህ ሁሴን አለ፤ ከሐረርጌ ገጠሮች ወደዚያ ለዚያራ የሚወርደው ሕዝብ ትውልድ እየተቀባበለ ይሄዳል። እነዚህ ተጓዦች ከየትኛውም የአስጎብኚ ድርጅት ደንበኛ ይበዛሉ፤ በጦርነትም በወረርሽኝም ጊዜ ቶሎ የሚመለሱት እነርሱ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሬ አይጠይቁም፣ ቪዛ አይጠይቁም። ያጡት ንጹሕ አልጋ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ለልጃቸው ወተት፣ ለመኪናቸው ጠባቂ ነው። ይህን የምንሰጣቸው እኛ ነን። የገዳሙንና የዚያራውን ሥርዓት ግን ለገበያ አናቀርብም፤ ገዳም ገዳም ነው፣ ጸሎት ትርኢት አይሆንም። ማን መቼ እንደሚገባ የሚወስኑት አባቶችና ሼሆች ናቸው፤ የእኛ ድርሻ ከተራራው ግርጌ ያለውን ማደሪያ ማሰናዳት ነው። ሙስሊሙ የአሰቦትን ተሳላሚ ያሳድራል፤ ክርስቲያኑ የድሬ ሼህ ሁሴንን ተጓዥ ያስተናግዳል። በዚህ አገር የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር ሲያንኳኳ ሃይማኖቱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በአንድ ተክል ላይ የቆመ ኑሮ በቃን። ጫት አሳድጎናል፤ ትምህርት ቤት የሰደደን፣ ቆርቆሮ ያለበሰን እርሱ ነው፤ የሚያመርተውን ገበሬ የሚሰድብ አፍ ከእኛ መካከል የለም። ግን እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ስትከለክል ዋጋው በሩቅ አገር ምክር ቤት ሊቆረጥ እንደሚችል አይተናል። በሌላ በኩል «ሐረር» ተብሎ በዓለም የሚሸጠው ቡና ሰፊ ድርሻው በሐብሮ፣ በገለምሶ፣ በበደሳና በመቻራ ደጋዎች ይበቅላል። ኢትዮጵያ ለዚህ ስም ባለቤትነት ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስሙ ወደ ዓለም ወጥቷል፤ ቀጣዩ ሥራ ዓለምን ወደ ማሳው ማምጣት ነው። ቡና ጠጪው ገለምሶ ላይ ቀይ ፍሬ ይልቀም፤ ጸሐይ ላይ የተሰጣውን ያሽትት፤ ሆጃም ይጠጣ፣ ቁቲም ይጠጣ፤ የሐረርጌ ሰንጋ ጥብስ ይብላ፤ የገዛውን ቡና ከነገበሬው ስም ይዞ ይሂድ። እንግዳው ለአንድ ኪሎ ቡና በማሳው ላይ የሚከፍለው ዋጋ ለገበሬው በገበያ ከሚከፈለው ይበልጣል፤ ለዚህ ስሌት የኢኮኖሚ ሊቅ አያስፈልግም።

ይህ አውራጃ አርአያ ሆኖ ያውቃል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጨርጨር ለመላ ኢትዮጵያ ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠ ግዛት ነበር። የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ቴአትር ጸሐፊ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ገዥ አድርጎ አይቷል፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴንም አይቷል። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የተስተካከለ ግብር፣ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ የዚያ ዘመን ሐሳቦች ነበሩ። አሰበ ተፈሪ የለውጥ መሞከሪያ ሆና ሳለ ጦርነት መጥቶ አቋረጠው። የተቋረጠውን ክር እንይዛለን። በዚያ ዘመን ለውጥ ከላይ ተልኮ መጣ፤ በእኛ ዘመን ከቀበሌ ይነሣል።

ባቡሩም የእኛ ነው። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ ሚኤሶንና አፍደምን ከተማ አድርጓቸዋል። አዲሱ ሐዲድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ከሁለት አቅጣጫ የሠሩት መስመር የተጋጠመው ሚኤሶ ላይ ነው። ለመንገደኛ ባቡር ሚኤሶ ላይ በቂ ማቆሚያ ጊዜ፣ ከጣቢያው ወደ ጭሮ የሚወጣ ሰዓቱን የጠበቀ ሚኒባስ፣ ለአሮጌዎቹ የጣቢያ ሕንፃዎች የቅርስ ጥበቃ እንፈልጋለን።

መሬት ከገበሬው አይነጠቅም። በእንግዳ ስም ማሳ ታጥሮ፣ ባለ ማሳው ዘበኛ ሆኖ የሚቀጠርበትን ልማት አንቀበልም። ባለሀብት ይምጣ፤ በጭሮና በሂርና ከተሞች ሆቴል ይሥራ፤ በዋሻውና በደኑ ዙሪያ ግን የማደሪያው ባለቤት የቀበሌው ማኅበር ነው። ማኅበር ለመመሥረት አዲስ ትምህርት አያሻንም፤ ሰርግንና ለቅሶን ለዘመናት በጋራ የተወጣ አፎሻ አለን። ሴቶች በአፎሻው ገንዘብ ያዥ እንደሆኑ ሁሉ በእንግዳ ቤቱም ገንዘብ ያዥ ይሆናሉ፤ እንጀራውን የሚጋግር እጅ ሒሳቡንም ይይዛል። ወጣቱ ከመነኸሪያ ተነስቶ እንግዳን በመክበብና እጅ በመጎተት አይሠራም፤ ሠልጥኖ፣ መታወቂያ አንጠልጥሎ፣ ዋጋው በሰሌዳ ተጽፎ ይሠራል። አንድ የተጭበረበረ እንግዳ ለመቶ ሰው ይናገራል፤ ስለዚህ ማጭበርበር በማኅበራችን ፊት ትልቅ ወንጀል ነው።

እንግዳ የሚመጣው ሰላም ሲኖር ነው። መንገዱ በተዘጋበት፣ ስልክ በተቋረጠበት፣ ሰው መንገድ ላይ በሚታገትበት ጊዜ የትኛውም ብሮሹር እንግዳ አያመጣም። ይህን የምንናገረው ለመንግሥትም ጠመንጃ ለያዘ ሁሉም ነው። ሥራው እስኪመቻች ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፤ ዋሻ መለካት፣ አስጎብኚ ማሠልጠን፣ ችግኝ ማፍላት፣ የሽማግሌዎችን ቃል መቅዳት በአስቸጋሪም ጊዜ ይሠራል። ሰላም ሲሰፍን ዝግጁ ሆኖ የሚገኝ ከተማ ከሌሎች ቀድሞ ይጠቀማል።

ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ሆይ፣ ስምህን የወሰድከው ከዚህ ምድር ነው፤ የመቻራን ዋሻዎች ካርታ አንሣ፣ የኩኒን አጋዘን ቁጠር፣ የአስጎብኚነት ትምህርት ክፈት፣ የአፎሻዎቻችንን ገንዘብ ያዦች ሒሳብ አያያዝ አስተምር። የኦሮሚያ፣ የሶማሌና የአፋር ክልል መንግሥታት ሆይ፣ ሦስቱም የቱሪዝም ተቋሞቻችሁ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሚኤሶ ላይ ይቀመጡ፤ በአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ አይሁን። የቱሪዝም ሚኒስቴር ሆይ፣ የ2001ዱን ፖሊሲ ስትከልስ በወሰን ወረዳዎች ላይ የገቢ ድርሻን በግልጽ የሚደነግግ አንቀጽ አስገባ። በጅቡቲ፣ በየመን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ የሐረርጌ ልጆች፣ ለክረምት ስትመጡ ቀጥታ ወደ ዘመድ ቤት ገብታችሁ አትቅሩ፤ ልጆቻችሁን በዋሻው፣ በኦዳው፣ በገበያው አዙሯቸው፤ በከፈላችሁት ልክ ደረሰኝ ጠይቁ። የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ወደ ሐረር በምትሸጡት ጉዞ ላይ በጭሮ አንድ ሌሊት ጨምሩ፤ አልጋውን እኛ እናሰናዳለን።

የምዕራብ ሐረርጌ ወረዳና ከተማ ምክር ቤቶች አባላት ሆይ፣ ሕዝብ የመረጣችሁ እናንተን ነው፤ በቀጣዩ ረቂቅ በጀታችሁ ላይ ቱሪዝም የሚል መስመር ከነገንዘቡ፣ ከነኃላፊው ስምና ከነማጠናቀቂያ ቀኑ አስገቡ፤ ካላስገባችሁ ለምን እንዳላስገባችሁ በጉባኤ ፊት ቆማችሁ ተናገሩ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው።